የሚያልቀው ስኳሩ አይደለም

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ የተቀዳ ደም ቱቦ ውስጥ ቆሟል እንበል። በዚያችው ደቂቃ ቢለካ የስኳሩ መጠን 128 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ግን ወረፋ አለ፣ መብራትም ሄዶ መጣ፣ ደሙን አዙሮ ህዋሱን ከፈሳሹ የሚለየው መሣሪያ፣ ሴንትሪፊውጁም፣ የሚነሳው ቱቦ ሲጠራቀም ነው። 5 ሰዓት ላይ ሲለካ ማሽኑ 106 አካባቢ ያወጣል። ማሽኑ አልተሳሳተም። ስኳሩ ተበልቷል። በባዶ ሆድ የስኳር በሽታ ድንበሩ 126 ስለሆነ፣ ከድንበሩ በላይ የነበረ ሰው “ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ ደህና ነህ” ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

የበሉት እዚያው ቱቦ ውስጥ ያሉት የደም ህዋሶች ናቸው። ከሰውነት ወጡ እንጂ አልሞቱም። በመደበኛ የክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ስኳር ይጨርሳሉ፤ ቆላ ላይ፣ ማራገቢያ በሌለበት ክፍል፣ ይብሳል። የነጭ ደም ህዋሱ ብዛት ከልክ ያለፈ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የደም ካንሰር ያለበት፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ስኳር በፍጥነት ወርዶ በሽተኛው ራሱን ሊስት የደረሰ ያስመስለዋል።

ህዋስ ስኳርን እንዴት እንደሚሰብር ለመረዳት ከዚህ ቱቦ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቀይ የደም ህዋስ ኒውክሊየስ የለውም፣ በኦክስጅን ጉልበት የሚያመርተው የህዋስ ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያም፣ የለውም። 120 ቀን አካባቢ ሲኖር ጉልበት የሚያገኘው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ግላይኮሊሲስ በሚባለው የስኳር መስበሪያ። በትምህርት ቤት የምንማረው የተቀረው ሁሉ፣ የክሬብስ ዑደቱም የኤሌክትሮን ሰንሰለቱም፣ በዚህ መንገድ ላይ የተቀጠለ ነው። መንገዱ አሥር እርምጃ አለው። ተማሪ አሥሩን የኢንዛይም ስም በቃሉ ሸምድዶ ፈተና ያልፋል፤ መንገዱ ለምን እንደሚቆም ግን ሳይገባው ይቀራል። ስለዚህ አሥሩንም እኩል አልዘረዝርም፤ የሚያቆሙት ቦታዎች ላይ ብቻ ልዘግይ።

ግሉኮስ ስድስት ካርበን ያለው ሞለኪውል ነው። ወደ ቀይ የደም ህዋስ የሚገባበት በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ኢንሱሊን አይጠይቅም። የጡንቻና የስብ ህዋስ በር ግን ኢንሱሊን ሲያዝዝ ነው በብዛት ወደ ገጽ የሚወጣው። በክፍት በር የገባ ነገር በዚያው መውጣት ስለሚችል፣ የመጀመሪያው እርምጃ መያዣ ነው፤ ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም ህዋሱ ጉልበት የሚይዝበትን ሞለኪውል፣ ሰብሮ ፎስፌቱን ግሉኮሱ ላይ ይለጥፋል። ፎስፌት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ከዚያ በኋላ ግሉኮሱ በበሩ አይወጣም። ሁለተኛው እርምጃ ቅርጹን ያስተካክላል። ሦስተኛው ሌላ ኤቲፒ ያስከፍላል፤ ዋናው ዘበኛም እዚህ ነው። ይህ ኢንዛይም፣ ፎስፎፍራክቶካይኔዝ፣ ኤቲፒ ሲበዛ ይዘጋል፣ ኤቲፒ ተሰብሮ የሚተርፈው ኤኤምፒ ሲበዛ ይከፈታል፣ አሲድ ሲበዛም ይዘገያል። ህዋሱ ስንት ስኳር እንደሚሰብር የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

እስካሁን ሁለት ኤቲፒ ወጥቷል፣ የገባ ግን የለም። ገበሬ ከጎተራው አውጥቶ እንደሚዘራው ዘር ነው፤ ጎተራው ፈጽሞ ባዶ የሆነበት ህዋስ ስኳር ቢሞላለትም መጀመር አይችልም። አራተኛው እርምጃ ስድስቱን ካርበን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት ይከፍላል። አምስተኛው ሁለቱን ቁራጮች አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ይሆናል። ስድስተኛውን ለብቻው እመለስበታለሁ። ሰባተኛው ሁለት ኤቲፒ ይመልሳል፣ አሥረኛውም ሁለት። አራት ገባ፣ ሁለት ወጥቶ ነበር፤ የተጣራው ትርፍ ሁለት ኤቲፒ ነው። መጨረሻ ላይ በእጅ የሚቀረው ፓይሩቬት የተባለ ባለ ሦስት ካርበን ሞለኪውል ነው፣ እሱም ሁለት።

ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ኢኖሌዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ማግኒዚየም ከሌለ አይሠራም። ፍሎራይድ ማግኒዚየሙንና ፎስፌቱን ይዞ ኢንዛይሙን ያስረዋል። ለስኳር ምርመራ የሚቀዳበት ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ ውስጥ ያለው ዱቄት ይኸው ፍሎራይድ ነው። ብዙ ባለሙያ “ግራጫው ቱቦ ስለሆነ ቢቆይም ችግር የለውም” ይላል። ስህተት ነው። ፍሎራይድ የዘጋው ዘጠነኛውን በር ነው እንጂ መግቢያውን አይደለም። ከፊት ያሉት እርምጃዎች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ሄክሶካይኔዝ ግሉኮስ መያዙን አይተውም። ሰልፉ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ የኤቲፒው ክምችት እስኪሟጠጥ ድረስ ስኳሩ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሰዓት ልክ ፍሎራይድ እንደሌለበት ቱቦ ይወርዳል፤ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው ከተቀዳ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት ይጸናል። ስለዚህ ፍሎራይድ ነገ ለሚለካ ናሙና ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያዋ ሰዓት ግን አያድንም። የሚያድነው ወይ ቱቦውን በረዶና ውሃ ውስጥ አስቀምጦ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማዞርና ፕላዝማውን መለየት፣ ወይም ሲትሬት ያለበትን ቱቦ መጠቀም ነው። ሲትሬት ደሙን አሲዳማ ስለሚያደርግ የመጀመሪያዎቹን ኢንዛይሞች፣ ሄክሶካይኔዝንና ዘበኛውን፣ ወዲያው ያቆማቸዋል። እግረ መንገዴን፦ ከግራጫው ቱቦ ላይ ፖታሲየም መለካት አይገባም። ኤቲፒ ያለቀበት ህዋስ ፖታሲየም ወደ ውስጥ የሚገፋው ፓምፑ ይቆማል፣ ፖታሲየሙም ይፈስሳል፤ ደሙ እንዳይረጋ ቱቦው ላይ የሚጨመረው ኦክሳሌትም ብዙ ጊዜ የፖታሲየም ጨው ነው።

አሁን ወደ ስድስተኛው። እዚህ እርምጃ ላይ ከስኳሩ ቁራጭ ላይ ኤሌክትሮንና ሃይድሮጅን ይነጠቃል። የተነጠቀው ዝም ብሎ አይንሳፈፍም፤ ኤንኤዲ የሚባል ተሸካሚ ይቀበለዋል፣ ሲሸከም ኤንኤዲኤች ይባላል። ተሸካሚው የሚሠራው ከኒያሲን፣ ከቫይታሚን ቢ3 ነው፤ በህዋሱ ውስጥ ያለው ብዛት ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ ግሉኮስ ሁለት ባዶ ተሸካሚ ይፈለጋል።

ምንጭ ዳር የቆመ ሰው አስቡ። ውሃው ይወርዳል፣ አህያውም ቆሟል፣ ጀሪካኖቹ ግን ሁሉም ሙሉ ናቸው፤ የሚገለበጡበት በርሜል የለም። ይህ ሰው ውሃ አላጣም። ባዶ ጀሪካን ነው ያጣው። የህዋስም ጣጣ ይኸው ነው። ግሉኮስ ሞልቶ፣ ኢንዛይሙ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ተሸካሚው ሸክሙን የሚያራግፍበት ካጣ መንገዱ ስድስተኛው ላይ በአፍታ ይቆማል። ላክቴት፣ አልኮል፣ ኦክስጅን እያልን በየምዕራፉ ለየብቻ የምንማራቸው ነገሮች ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ጀሪካኑን የት እንገልብጠው?

ይህ ነገር የታወቀበት ታሪክ ራሱ ይህንን ይመስላል። ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 እርሾን ፈጭቶ ጭማቂውን አወጣ። እንዳይበላሽበት ብሎ ስኳር ሲጨምርበት አረፋ መሥራት ጀመረ፤ ሕይወት ያለው እርሾ በሌለበት ፍላት ሆነ። አርተር ሃርደንና ዊልያም ያንግ ደግሞ ጥቂት ዓመት ቆይተው ሁለት ነገር አዩ። አንደኛ፣ ፍላቱ ሲደክም ፎስፌት ቢጨመርበት ይነሳል። ሁለተኛ፣ ጭማቂውን በጥቃቅን ማጣሪያ ለሁለት ቢለዩት፣ ትልልቁን ሞለኪውል የያዘው ክፍልም ትንንሹን የያዘውም ለየብቻቸው ምንም አይሠሩም፤ ሲቀላቀሉ ፍላቱ ይመለሳል። ትንንሹ ክፍል ቢፈላም አይሞትም። እዚያ ውስጥ ከነበሩት ዋነኛው ኤንኤዲ ነበር። ኢንዛይሙ ሁሉ ተሟልቶ ስኳሩም ፎስፌቱም እያለ ጀሪካኑ ስለተወሰደ ብቻ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ሃርደን ከሃንስ ፎን ኦይለር ኬልፒን ጋር በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ቀይ የደም ህዋስ መልሱ ላክቴት ነው። ፓይሩቬቱ ራሱ በርሜል ይሆናል፤ ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም ሸክሙን ከኤንኤዲኤች ተቀብሎ ፓይሩቬቱ ላይ ይገለብጠዋል፣ ፓይሩቬቱም ላክቴት ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። አዲስ ኤቲፒ በዚህ እርምጃ አይገኝም። ጥቅሙ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ መመለሱ ብቻ ነው።

የሯጭ ጡንቻም በመጨረሻው ዙር ሲፈተለክ ይህንኑ ያደርጋል። ዕረፍት ላይ በሊትር 1 ሚሊሞል አካባቢ የነበረው የደም ላክቴት ከከባድ የ400 ሜትር ሩጫ በኋላ 15ን ሊያልፍ ይችላል። ከሁለት ቀን በኋላ ደረጃ መውረድ ሲያቅተን “ላክቲክ አሲዱ ነው” ማለት ግን ይቅር። ላክቴቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የማግስቱና የሠልስቱ ሕመም የጡንቻ ክሮች ከመጎዳታቸውና ከመቆጣታቸው የመጣ ነው። ላክቴት ቆሻሻም አይደለም። ልብ ይበላዋል፣ ጉበትም ወስዶ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ለዚህ ጉበቱ ስድስት ኤቲፒ ይከፍላል፣ ጡንቻው ያገኘው ሁለት ነበር። በሒሳብ ኪሳራ ነው፤ ግን ጡንቻው ያገኘው በቸገረው ሰከንድ ነው፣ ጉበቱ የሚከፍለው ሯጩ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ።

ይህንን የላክቴት መንገድ ከእኛ ከራሳችን ይልቅ አጥብቆ የያዘው ወባ ነው። ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ የገባ የወባ ተውሳክ ለጉልበት የሚተማመነው ከሞላ ጎደል በግላይኮሊሲስ ብቻ ነው፤ የያዘው ህዋስ ጤነኛው ከሚበላው ብዙ አሥር እጥፍ ግሉኮስ ይበላል፣ ላክቴቱንም እዚያው ይደፋል። በጣም የታመመ ሕፃን ደሙ ውስጥ ስኳሩ ወርዶ ላክቴቱ ወጥቶ የሚገኘው በከፊል በዚህ ነው። ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ኢንሱሊን ስለሚያስነሳ ስኳሩን የበለጠ ይጥለዋል። ጤና ኬላ ላይ ከጣት በተቀዳ ጠብታ የሚሠራው ፈጣን የወባ መመርመሪያ አንዳንዱ የሚፈልገው የተውሳኩን የራሱን ኤልዲኤች ነው፤ ከሰው ኤልዲኤች ትንሽ ስለሚለይ ፀረ እንግዳ አካሉ ለይቶ ይይዘዋል። ሌላው ዓይነት የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ዓይነት የሚሠራውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤችአርፒ2 ዘረመል የጎደለው ፋልሲፓረም ተገኝቷል፤ ይህ ተውሳክ በኤችአርፒ2 ብቻ የሚሠራውን መመርመሪያ “የለም” አሰኝቶ ያልፋል። ኤልዲኤችን ግን መጣል አይችልም። ያለ እሱ ጀሪካኑን የሚገለብጥበት የለውም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ኤችአርፒ2 ተውሳኩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል፣ ኤልዲኤች ግን ተውሳኩ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። መድኃኒት ጨርሶ የተመለሰ ሰው ላይ መስመሩ አሁንም ከታየ፣ የትኛው መስመር ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እርሾ ሌላ መልስ አለው። ከፓይሩቬቱ ላይ አንድ ካርበን ነቅሎ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይለቅቃል፣ በቀረው አሴታልዲሃይድ ላይ ሸክሙን ይገለብጣል፤ ያ አልኮል ነው። ለእርሾው አልኮሉ ግብ አይደለም። ባዶ ጀሪካን ፍለጋ ላይ የተደፋ ነገር ነው።

ሒሳቡን ጠጅ ላይ እንሥራው። 1 ኪሎ ማር 800 ግራም ገደማ ስኳር አለው እንበል፣ በ3 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ከ180 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ 800 ግራሙ ሁሉ ቢፈላ 409 ግራም አልኮል ይሰጣል፤ በመጠን ስናሰላው 14 በመቶ አካባቢ። እውነተኛው ጠጅ ከዚህ ያንሳል፤ ስኳሩ ሁሉ አያልቅም፣ እርሾውም ከፊሉን ለራሱ አካል መሥሪያ ያደርገዋል። ጋዙ ደግሞ 390 ግራም ገደማ ነው፣ ይህም ከ200 ሊትር በላይ ይሆናል። ጠጅ የሚጣልበት ዕቃ አፉ በጨርቅ እንጂ በጠበቀ ክዳን የማይታሰረው ለዚህ ነው። የፕላስቲክ ጀሪካን አጥብቆ የዘጋ ሰው ሆዱ እንደተነፋ ከበሮ ሆኖ ያገኘዋል።

እርሾ አልኮል የሚሠራው አየር ሲያጣ ብቻ ነው የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የተለመደው እርሾ ስኳሩ ከበዛለት አየር እያለም አልኮል ይሠራል። አየር የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፤ አየር ያገኘ እርሾ በጥቂት ስኳር ብዙ ይባዛል። ፍላቱ ካለቀ በኋላ የሚገባ አየር ደግሞ ለእርሾው ሳይሆን ለባክቴሪያ ነው የሚጠቅመው፤ አልኮሉን ከኦክስጅን ጋር አያይዞ አቼቶ ያደርገዋል።

የጠላ ጉዳይ ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጀምራል፣ ገብስና ዳጉሳ ውስጥ ያለው ስታርች እንጂ ስኳር ስላልሆነ። ስታርቹን የሚቆራርጠው የበቀለው እህል ኢንዛይም፣ ብቅሉ ነው። ብቅሉ ፈልቶ ወይም ተቆልቶ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ እርሾው ቢኖርም የሚበላው ያጣል።

ሦስተኛው መልስ ኦክስጅን ነው፣ ትልቁ በርሜል። እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ ኤንኤዲኤች ራሱ ወደ ማይቶኮንድሪያ መግባት አይችልም። ሸክሙን በር ላይ ለሌላ ሞለኪውል ያስረክባል፣ ውስጥ ያለው ተረክቦ ይወስዳል። መረካከቢያው ሁለት ዓይነት ነው። በጉበትና በልብ የሚበዛው ሳይቀንስ ያስገባል፤ ሌላው ጥቂት ያባክናል።

ፓይሩቬቱ ግን ይገባል። እዚያ ውስጥ አንድ ካርበን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይነቀልና አሴቲል ኮኤ ይሆናል፣ ሃንስ ክሬብስ በ1937 የገለጸው ዑደት ውስጥ ገብቶ የቀሩት ሁለት ካርበኖች ይወጣሉ። ወደ ውጭ የምንተነፍሰው ካርበን ከዚህ ነው፤ ወደ ውስጥ የሳብነው ኦክስጅን ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሆንም፣ መጨረሻ ላይ ሸክሙን ተቀብሎ ውሃ ይሆናል። ፈተና ላይ ይህንን የሚያምታታው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ሸክሙ ወደ ኦክስጅን ሲወርድ በየደረጃው ፕሮቶን ይገፋል፤ ለአንድ ኤንኤዲኤች አሥር። የተገፉት ፕሮቶኖች ተመልሰው ሲገቡ የውሃ ወፍጮ ውስጥ ውሃው መዘውሩን እንደሚያሽከረክር አንድ ኢንዛይም ያሽከረክራሉ፤ መሽከርከሩ ምሳሌ ሳይሆን እውነተኛ ነው፣ ፖል ቦየርና ጆን ዎከር በ1997 የኖቤል ሽልማት ያገኙት የዚህን ኢንዛይም አሠራር በማሳየታቸው ነው። አንድ ኤቲፒ ለመሥራትና ለማውጣት አራት ፕሮቶን ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ አንድ ኤንኤዲኤች 2.5 ኤቲፒ ነው፣ አነስተኛው ተሸካሚ ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 1.5። አሮጌዎቹ መጻሕፍት 3 እና 2 እያሉ ስለሚቆጥሩ ነው ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይገኛል የሚሉት። አሁን ያለው ስሌት፦ አሥር ኤንኤዲኤች 25፣ ሁለት ኤፍኤዲኤች2 3፣ በቀጥታ የተገኙት 4፣ ሁለቱ ከግላይኮሊሲስ፣ ሁለቱ ከክሬብስ ዑደት፤ በድምሩ 32። ሸክሙ ባባካኙ መረካከቢያ ከገባ 30።

ሳያናይድ የሚዘጋው የመጨረሻውን፣ ኤሌክትሮኑ ኦክስጅን ላይ የሚያርፍበትን በር ነው። ሳንባው ይሠራል፣ ደሙ በኦክስጅን የተሞላ ነው፣ ህዋሱ ግን ሊጠቀምበት አይችልም፤ ጀሪካኖቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው ይቆማሉ፣ ላክቴቱ ያሻቅባል። መራራ ካሳቫ ሳይዘፈዘፍና በደንብ ሳይደርቅ አይበላም የሚባለው ሳያናይድ የሚለቅ ነገር ስላለው ነው።

ከፓይሩቬት ወደ አሴቲል ኮኤ የሚወስደው በርም ይዘጋል፣ ያውም ያለ መርዝ። ይህ በር ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ በመጠጥ ወይም በተፈተገ ሩዝ ብቻ የኖረ፣ ወይም ለሳምንታት ሲያስመልሰው የከረመ ሰው ታያሚኑ ይሟጠጣል። እንዲህ ያለው ሰው ደክሞት ሲመጣ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰቀልለታል፤ “ጉልበት ይስጠው” ይባላል። ግሉኮሱ አሥሩን እርምጃ ያለ ችግር ያልፋል፣ ፓይሩቬት ይሆናል፣ በሩ ላይ ይከማቻል፣ ወደ ላክቴት ይዞራል፤ የቀረችው ጥቂት ታያሚንም ታልቃለች። አንጎል በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ የሚፈጅ አካል ነውና ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እሱ ነው፤ ዓይን መንቀጥቀጥ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መቀባዠር። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ታማሚ ላይ ታያሚኑ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ ይሰጣል። ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ከሆነ ግን ታያሚን እስኪፈለግ ተብሎ ግሉኮሱ አይዘገይም፤ ግሉኮሱ ይሰጥና ታያሚኑ በተገኘበት ደቂቃ ይከተላል።